ባሕር የሄደና ቤት የቀረ

[የመግቢያ ሙዚቃ]

  

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናወራው ባል ወይም ሚስት ርቀው ሲሄዱ ከልጆች ጋር ቤት ስለሚቀረው ሰው ነው። የሄደው መርከብ ላይ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ሚሉኢም፣ ማለትም ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ የተጠራም ሊሆን ይችላል። ለሄደው ሽኝት አለው፤ ሲመለስም እልልታ አለው። ለቀረችው ግን ሳህን ማጠብ ነው። እኛም ዛሬ ማይክሮፎኑን ሳህን ወደምታጥበው እናዞራለን። ሳህን የሚያጥበው አባት ከሆነም፣ እንዲህ ያለ ቤት ዛሬ ብዙ ነውና፣ ነገሩ እሱንም ይመለከታል።

ፍሬ ነገሩን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አንዱ ሲሄድ ቤቱ ባለበት ቆሞ አይጠብቀውም። የቀረው ሰው ሳያውቀው ሌላ ቤት ያቆማል፦ ሌላ የመኝታ ሰዓት፣ ሌላ ደንብ፣ ሌላ የሥራ ክፍፍል። ሰውየው ሲመለስ በሩ ያው በር ነው፤ ቤቱ ግን ትቶት የሄደው ቤት አይደለም። ባልና ሚስት ይህን አስቀድመው ካወቁ ብዙ ጠብ ይቀርላቸዋል።

[አጭር ሙዚቃ]

ከመርከብ እንነሳ፤ መለያየትን እንደ ባሕረኛ ቤተሰብ የሚያውቀው የለምና። ከዚህ፣ ከቂርያት ማላኪ፣ ወደ አሽዶድ ቅርብ ነው። የአሽዶድ ወደብ ሥራ የጀመረው በ1965 ሲሆን ዛሬ ከእስራኤል ትልልቅ ወደቦች አንዱ ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ወደቡ ላይ ኮንቴነር የሚያራግፉ መርከቦችን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። በዓለም መርከቦች ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድና ከመሳሰሉት አገሮች የመጡ ናቸው፤ ሚስትና ልጆቻቸው ከወራት በኋላ ነው የሚያገኟቸው። ኢትዮጵያውያንም አሉበት። የባሕር በር የሌላት አገር መርከበኛ ታወጣለች ወይ ትሉ ይሆናል። ታወጣለች፤ ጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን የማሪታይም አካዳሚ አለ።

በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አንድን መርከበኛ ሳያቋርጥ 12 ወር ሙሉ መርከብ ላይ ማቆየትን አይፈቅድም። ይሁንና በ2020 በኮሮና ምክንያት ድንበርና ወደብ ሲዘጋ ወደ 400,000 የሚጠጉ መርከበኞች ውላቸው አልቆም መውረድ አቅቷቸው ባሕር ላይ ቀሩ። በየቤታቸው «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ተብለው የሚመልሱት ያጡ እናቶች ስንት እንደነበሩ ገምቱት።

የእንዲህ ያሉ ሴቶችን ኑሮ ቀርበው ካዩት አንዷ ካትሊን ቬስታል ሎጋን የተባሉ አሜሪካዊት ናቸው። በ1987 ባወጡት ጽሑፍ የባሕር ኃይል ሚስቶች ባሎቻቸው ሲሄዱ የሚያልፉበትን መንገድ በሰባት ደረጃ ከፍለው አስቀመጡት። እያንዳንዱን እስቲ ከቤታችሁ ጋር አስተያዩት።

የመጀመሪያው ገና ሳይሄድ ይጀምራል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ሴትየዋ ያለ ምክንያት ይከፋታል፤ በትንሽ ትልቁ ትቆጣለች። ሁለተኛው የመጨረሻው ሳምንት ነው። አንድ ቤት እያሉ ይራራቃሉ። ሻንጣው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ባልና ሚስት ስለ ቆሻሻ መጣያ ይጨቃጨቃሉ። ብዙዎች በዚህ ይደነግጣሉ፤ «ፍቅራችን አልቆ ነው እንዴ?» ይላሉ። አላለቀም። ተኳርፎ መለየት ተቃቅፎ ከመለየት ስለሚቀል ልብ ራሷን እያዘጋጀች ነው። ሦስተኛው ከሄደ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ናቸው፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቁልፍ ይጠፋል፣ ቀጠሮ ይረሳል። አራተኛው መረጋጋት ነው። ቤቱ ዜማውን ያገኛል፣ ሴትየዋም «ለካ እችላለሁ» ትላለች። አምስተኛው የመመለሻው ዋዜማ ነው፤ ደስታም አለ፣ ሥጋትም አለ። ስድስተኛው ከተመለሰ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ናቸው። ሎጋን ይህን ጊዜ የትዳሩ ውል እንደገና የሚነጋገሩበት ጊዜ ይሉታል። ሰባተኛው እንደገና አንድ ቤት መሆን ነው።

ልብ በሉ፤ ከሰባቱ ደረጃዎች ሦስቱ ከመመለስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሎጋን ከመጻፋቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1985፣ በስኮትላንድ አበርዲን የሚገኙ ሐኪሞች ባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጡ ሠራተኞችን ሚስቶች አጥንተው ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ነበር። ባሎቹ ጥቂት ሳምንት ሠርተው ይመጣሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹን ሴቶች ለጭንቀትና ለድባቴ ያጋለጣቸው ያ የማያቋርጥ መምጣትና መሄድ ነበር። ሚሉኢም ሁለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰበት ቤት ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

[አጭር ሙዚቃ]

አድማጮቻችን፣ ይህ የፈረንጅ ጥናት ብቻ አይደለም፤ የእኛም ታሪክ ነው። ለአንዳንድ ቤተሰቦቻችን ባሕሩ ራሱ የታሪካቸው ክፍል ነው፤ ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ ከሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ በሌሊት በጀልባ ተወስደው ባት ጋሊም በተባለችው የእስራኤል መርከብ የወጡ አሉ። ከዚያ ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ገቡ። ወሬው አፈትልኮ ዘመቻው በድንገት ሲቆም ግን ብዙ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከልጆች ጋር እዚያ። ለብዙዎች መገናኛው የደረሰው በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ሲገቡ ነው። ከስድስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ሲለያዩ ጡት ይጠባ የነበረው ልጅ ሲገናኙ የተማሪ ቦርሳ የሚያዝል ደርሷል።

እነዚያን ዓመታት ያለፉ እናቶችና አያቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ፖሊን ቦስ የተባሉት ምሁር በ1970ዎቹ የቬትናም ጦርነት ላይ ደብዛቸው የጠፋ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ያገኙት ሐዘን የእነሱንም ይመስላል። ሰውየው አልሞተም፣ እንዳያለቅሱለት። አጠገብም የለም፣ እንዳይደገፉበት። በአካል የለም፣ በሐሳብ ግን ማዕዱ ላይ ተቀምጧል። ቦስ እንዳስተዋሉት የሄደውን ሰው ድርሻ «ሲመጣ ይደርስበታል» ብለው ባዶውን ያቆዩ ቤተሰቦች ይበልጥ ይቸገራሉ። ድርሻውን ተከፋፍለው የያዙት የተሻለ ይቆማሉ። ይህ የሄደውን መርሳት አይደለም። ልጆች ማታ የሚበሉት እሱ እስኪመጣ አይቆይም።

ቀድሞ በጎንደር ገጠር ባል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ሲወርድ ሚስት ብቻዋን አትቀርም ነበር። አማት አለች፣ ዋርሳ አለች፣ ከአጥር ወዲያ «እገሊት፣ እሳት አለሽ?» እያለች የምትገባ ጎረቤት አለች። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩ ከተዘጋ ማን እንደጨነቀው ማን ያውቃል? ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችን እንግባ። ቂርያት ማላኪ ነው፤ ከተማዋ በ1951 የመጤዎች ሰፈር ሆና ከተቆረቆረች በኋላ ከተሠሩት አሮጌ ብሎኮች አንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የአንድ ዓመት ሕፃን አለች፣ ጋን፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ የምትሄድ የአምስት ዓመት ልጅ አለች፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለ። አባትየው ጻቭ ሽሞኔ የሚባለው የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ደርሶት ሌሊት ወጥቷል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱ ጥቃት በኋላ ከ300,000 በላይ የሚሉኢም ወታደሮች ተጠርተው ነበርና እንዲህ ያለው ቤት በየሰፈሩ ነበር። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እናትየዋ ሥራ ልትሄድ ትነሣለች። የጋኑ የዋትስአፕ መልእክት በዕብራይስጥ ነው፤ የሚያነበው እሱ ነበር። የባንኩ የምስጢር ቁጥር እሱ ጋ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጅ ጫማ አላደርግም ብላ ወለል ላይ ተኝታለች። ማምሻውን አጎት ሊጠይቅ ይመጣና የ14 ዓመቱን ልጅ ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «እንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» ይለዋል። ይህን ቤት እንያዝ፤ እየተመለስንበት እንማርበታለን።

[አጭር ሙዚቃ]

በመጀመሪያ፣ ከመሄድ በፊት ስለሚደረገው። ጻቭ ሽሞኔ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠራ ዛሬ ማታ የሚሠራ ነው። አንድ ደብተር አውጡ። የሁሉም የመታወቂያ ቁጥር፣ የኪራይ ወይም የማሽካንታ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ መክፈያ ቀን፣ የመኪናው ኢንሹራንስ የሚያልቅበት ቀን፣ የውኃ ማሞቂያው ሲበላሽ የሚጠራው ሠራተኛ ስልክ፣ የልጆች መድኃኒት ይጻፍበት። የባንክ የምስጢር ቁጥር ደብተር ላይ አይጻፍም፤ ሁለታችሁም ግን በየራሳችሁ መግባት መቻል አለባችሁ።

ሁለተኛ፣ የትኛው ውሳኔ እንደሚቆይ፣ የትኛው እንደማይቆይ ተነጋገሩ። መኪና መሸጥ ይቆያል። ልጁ ትምህርት ቤት ቢጣላ ምን እንደሚደረግ አይቆይም፤ ያለው ይወስናል፣ የሄደውም ያከብራል።

ሦስተኛ፣ ልጆች ተኝተው ሳሉ ተደብቆ መሄድ ቀላል ቢመስልም ኋላ ያስከፍላል። ሲነቃ አባቱን ያጣ ሕፃን ከዚያ በኋላ መተኛት ይፈራል። ቀስቅሳችሁ ተሰናበቱ። ጨርሶ ካልተቻለ የድምፅ መልእክት ተዉ፤ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደማይለወጥ።

ስለ ድምፅ ካነሣን አንድ ታሪክ ልጨምር። ቤቲ ሞህለንብሮክ የተባለች አሜሪካዊት ባሏ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። ከግዳጅ ሲመለስ ትንሿ ልጃቸው አላወቀችውም። ይህን ያልረሳችው ሴት በ1989 ግዳጅ ላይ ያሉ ወላጆች መጽሐፍ ሲያነቡ እየተቀረጹ ለልጆቻቸው የሚላክበትን ሥራ ጀመረች። እኛ ለዚህ ድርጅት አያስፈልገንም፤ ስልክ አለን፣ ተረትም አለን። አባትየው «ተረት ተረት» ብሎ አምስት አጫጭር ተረቶችን በአማርኛ ቢቀርጽ፣ እናትየው ማታ ማታ አንዱን ብታሰማ፣ ሕፃኗ ድምፁን አትረሳም። አማርኛውም አይጠፋባትም።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። ልጅ እንደየዕድሜው ነው የሚናፍቀው።

የአንድ ዓመቷ ሕፃን «አባዬ ሄደ» ብላ አታስብም። የምታውቀው የተለመደው ሰዓትና የተለመደው እጅ መቅረቱን ነው። ለእሷ መድኃኒቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው፤ መታጠብም፣ መብላትም፣ መተኛትም እያንዳንዱ በተለመደው ሰዓቱ። አባቷ ሲመለስ ብታለቅስበት ጠልታው አይደለም። ቀርቦ ይቀመጥ፣ አይንጠቃት፤ ራሷ ትመጣለች።

የአምስት ዓመቷ ልጅ ሌላ ነገር ታስባለች። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዓለም ሁሉ በእሱ ምክንያት የሚሆን ይመስለዋል። «ጫማ አላደርግም ስላልኩ ነው የሄደው» ልትል ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አትናገረውም። ስለዚህ ሳትጠይቅ ንገሯት፦ «አባዬ የሄደው ሥራ ስላለው ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።» አንዴ ብቻ አይበቃም። ደጋግሙላት።

ለዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው የቀን መቁጠሪያ ሠርቶ «ይህን ያህል ቀን ቀረው» እያሉ መሰረዝ ይመክራል። የመመለሻው ቀን የታወቀ ከሆነ ጥሩ ነው። በሚሉኢም ግን ቀኑ ይገፋል፤ መቁጠሪያው ባለቀ ማግስት አባት ካልመጣ ልጅ የሚጠረጥረው ወላጁን ነው። ቀኑ ካልተቆረጠ ወደ ፊት ቁጠሩ። በየማታው አንድ ፍሬ ባቄላ ማሰሮ ውስጥ ትጨምር፤ «አባዬ ከሄደ ይህን ያህል ቀን ችለናል» በሉ። ማሰሮው በሞላ ቁጥር ጉብዝናዋ ይታያታል።

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ ማለት ያበዛል። ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙ ምንም የለበትም ካለ ግን «ታስመስላለህ» አትበሉት። ሕመሙ እውነት ነው፤ ምንጩ ናፍቆት ሊሆን ይችላል። ለአስተማሪው አባት ወይም እናት እንደሌሉ ንገሩ። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ልጁ ከተጣላ በኋላ ነው።

ወደ 14 ዓመቱ ልጅ እንምጣ። አጎቱ «የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» ያለው በፍቅር ነው፤ በባህላችን ማበረታቻ ነው። ነገር ግን ልጁ የሚሰማው ሌላ ነው፦ ማልቀስ ቀረ፣ ኳስ ቀረ፣ እናቴን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ዕብራይስጡም አለ። የጋኑን መልእክት እሱ ያነባል፣ ለባንክ ይደውላል፣ ሐኪም ቤት ያስተረጉማል። የ14 ዓመት ልጅ የእናቱን የሕክምና ምስጢር መስማት የለበትም፤ የቤቱን ዕዳም መሸከም የለበትም። አባትየው ሲመለስ ደግሞ ያው ልጅ በአንድ ቀን ከባለ ሥልጣንነት ወርዶ «ዝም በል፣ አንተ ልጅ ነህ» ይባላል። ለምን እንደሚያምፅ ይገርማችኋል?

ስለዚህ ልጁን ሥራ ስጡት፣ ሹመት አትስጡት። ቆሻሻ ያውጣ፣ እህቱን ከጋን በሳምንት ሁለት ቀን ያምጣ። የሕክምናውን ትርጉም ግን ለባለሙያ ተዉ፤ በሕክምና ተቋማት በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ የሚገኝበት አገልግሎት ስላለ ጠይቁ። ደብዳቤውን የሚያነብ አዋቂ ዘመድ ወይም የማኅበረሰብ ሠራተኛ ፈልጉ።

አንድ ነገር ለሁሉም ዕድሜ፦ «አባትህ ይምጣ፣ ታያለህ!» የምትለዋን ማስፈራሪያ ተዉአት። ሰውየው በሌለበት ዱላ ይሆናል፤ ልጅ መምጣቱን እንዲናፍቅ እየፈለግን መምጣቱን እንዲፈራ እናደርጋለን። ጥፋቱን ያየው ወላጅ እዚያው ይቆጣ፤ እዚያው ይለቅ።

ስለ ሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረንም ዝም አንልም። ቂርያት ማላኪ ውስጥ በኖቬምበር 15 ቀን 2012 አንድ ሮኬት መኖሪያ ሕንፃ መትቶ ሦስት ሰዎችን ገድሏል፤ ይህ ከተማ ነገሩን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። ሁለት አዋቂ ባለበት ቤት አንዱ ሕፃን ያነሣል፣ ሌላው በር ይከፍታል። አንድ አዋቂ ሲቀር ግን ማን ማንን እንደሚይዝ በሰላሙ ቀን መለማመድ ያስፈልጋል። በእኛ ምሳሌ ቤት እናት ሕፃኗን ታቅፋለች፣ የአምስት ዓመቷ የእናቷን ቀሚስ ትይዛለች፣ የ14 ዓመቱ ቀድሞ በሩን ይከፍታል። ማማድ የሚባለው የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል ከሌለ ወደ ሚክላት፣ ማለትም ወደ ጋራ መጠለያው፣ ወይም ወደ ደረጃው። ሁለት ሦስቴ እንደ ጨዋታ ሮጡት። ጫማ ሁልጊዜ በሩ ሥር ይቀመጥ።

[አጭር ሙዚቃ]

ቤት የቀረችውስ? «ምን ልርዳሽ?» ስትባል «ምንም፣ ደኅና ነኝ» ትላለች። ይሉኝታ ነው። ጠያቂውም ጠይቄያለሁ ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቤት በጎረቤታችሁ ካለ ጥያቄውን ትታችሁ ሥራውን ተናገሩ፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ልጅቷን ከጋን እኔ አመጣታለሁ።» «ዓርብ እንጀራው ከእኔ ቤት ነው።» ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? ሃምሳ ሰው ባይገኝ አምስት ይበቃል። እናንተም ቤት የቀራችሁ፣ በሳምንት አንዴ ቡና አፍልታችሁ ሰው ጥሩ። ቤቱ ባይጸዳም ጥሩ።

ቤት የቀረው አባት ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ሚስቱ ሚሉኢም ላይ ሆና እሱ የልጅ ጸጉር ሲያበጥር «ዛሬስ ሴት ሆንክ» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን እንዲህ ያለውን ቀልድ ባደባባይ ቢነቅፉት ትልቅ ሥራ ነው። ልጁን ያበጠረ አባት ቤቱን እየጠበቀ ነው።

ስለ መብት ባጭሩ። የሚሉኢም ክፍያ የሚሸፈነው በብሔራዊ ኢንሹራንስ ተቋሙ፣ በቢቱአኅ ሌኡሚ ነው፤ ተቀጣሪ ከሆነ አሠሪው ከፍሎ ያስመልሳል፣ ስሌቱም ከአገልግሎቱ በፊት በነበሩት 3 ወራት ገቢ ይወሰናል። ሚሉኢም ላይ ያለን ሰው ከሥራ ማባረር በሕግ ክልክል ነው። ቤት ለቀረውም ወላጅ የሆነ ነገር አለ፦ የትዳር ጓደኛው ለተከታታይ ቀናት ሚሉኢም ላይ ከሆነ፣ ትንሽ ልጅ ያለው ሠራተኛ ደመወዝ ሳይቆረጥበት በቀን አንድ ሰዓት ከሥራ ሊጎድል ይችላል። በልጁ ዕድሜና በሥራው መጠን የሚወሰን ስለሆነ የጥሪውን ወረቀት ይዛችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን ደመወዝ ክፍል ጠይቁ። ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ የኤራን የነፍስ ማጽናኛ መስመር 1201 ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር መስመር ደግሞ 118 ነው። መደወል ድክመት አይደለም።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ወደ መመለሱ። ያ አባት ተመለሰ እንበል። ደጁ ላይ እልልታ ሆነ፣ ዶሮ ተሠራ፣ ዘመድ መጣ። በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ? ሁለት ሰዓት ላይ የምትተኛዋን ልጅ «ናፍቃኛለች፣ ትቆይ» ብሎ እስከ አራት ሰዓት አቆያት። የሳህኑ ቦታ ተቀይሮ አጣው፤ «ማነው የቀየረው?» አለ። ልጁን በአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሚስቱ በበኩሏ በልቧ፣ «ስንት ወር ብቻዬን ስይዘው የነበረውን ቤት በሦስት ቀን አፈረሰብኝ» ትላለች። እሱም በልቡ፣ «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሎጋን የጻፉት ስድስተኛው ደረጃ ይህ ነው፤ ስሙን ካወቃችሁት ግማሹን አሸነፋችሁት።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት የተመለሰው ሰው ያይ፣ አይቀይር። የመኝታውን ሰዓት፣ ደንቡን፣ የሥራ ክፍፍሉን ይጠይቅ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ይቀመጡ፤ ሦስት ጥያቄ አንሡ። አንተ በሌለህበት የጀመርነው የትኛው ይቀጥል? የትኛውን ሥራ መልሰህ ትወስዳለህ? እኔስ የትኛውን መልቀቅ አልፈልግም? የባንኩን ሥራ የለመደች ሚስት ልትለቀው ላትፈልግ ትችላለች። አትልቀቀው። በቀደመው ቤት አልነበረም ተብሎ ክርክር አይነሣ።

ቤት የቀረችውም ድርሻ አላት። ሰውየው በገባበት ማታ ያለው ሸክም ሁሉ እጁ ላይ አይዘርገፍ፤ «በቃ፣ ተራህ ነው» ብሎ ሕፃኗን አስታቅፎ መውጣት ያምራል፣ ግን ለሁለቱም አይበጅም። ሥራውን አንድ በአንድ አስረክቡ። የ14 ዓመቱን ልጅ ደግሞ አባቱ ራሱ፣ ብቻቸውን ሆነው፣ ያመስግነው፦ «እናትህን ረድተሃል። አሁን እኔ አለሁ፤ አንተ ኳስህን ተጫወት።» ይህን ከአጎት መስማት አይበቃውም።

አንድ የቀረ አለ። ለግዳጅ ወይም ለእንጀራ ሳይሆን ለደስታው የሚሄድስ? አሽዶድ ማሪና ላይ ቅዳሜ በጀልባ የሚወጣ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ከጓደኞቹ ጋር ኤይላት የሚወርድ አለ። ይህ ነውር የለበትም፤ ሰው መተንፈስ አለበት። ቤት የምትቀረዋ ግን ለሚሉኢም የማታነሣውን ቅሬታ እዚህ ታነሣለች፣ እውነቷንም ነው። እዚህ ምክሩ አንድ ነው፦ ተራ። እሱ አንድ ቅዳሜ ባሕር ከወጣ እሷም አንድ ቅዳሜ ያለ ልጅ ትውጣ። ሒሳቡ በሰዓት ይሁን፤ «እሷ መውጣት አትወድም» የሚል ባል መጀመሪያ ጠይቋት ይወቅ።

አድማጮቻችን፣ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንም የሚሄድ ባይኖርም ያን ደብተር ዛሬ ማታ ጀምሩ፤ አንዳችሁ ስትጽፉ ሌላችሁ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ብቻውን ልጅ የያዘ ጎረቤት ካላችሁ ቀን ቆርጣችሁ አንድ ሥራ ውሰዱለት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በልጆቻችን ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ምን እንደምንጠይቅ እንነጋገራለን። 

[የመዝጊያ ሙዚቃ]